በቆላ አገር እርጎን በቤት ስለ ማዘጋጀት

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ ሰው የቤቱን ልማድ ይዞ ይወርዳል። ከልማዱም አንዱ እርጎ ማርጋት ነው። ነገር ግን ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፥ የመተማ ከፍታ 700 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያም የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ በደጋ እስከ ሁለት ቀን የሚቆየው ወተት በመተማ አንድ ቀን ሳይሞላው ይረጋል፤ ጥቂት ከዘገዩበትም ይቆመጥጣል፥ አጓቱ ይለያል፥ ሽታውም ይለወጣል። ይህ ለምን እንደሚሆንና ጤናማ እርጎ እንዴት እንደሚዘጋጅ ማወቅ ለቤተ ሰብ ሁሉ፥ ይልቁንም ሕፃናት ላሉበት ቤት፥ እጅግ ጠቃሚ ነው።

በመጀመሪያ ወተት የሚረጋበትን ምክንያት እንመልከት። በወተት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሐዋስያን አሉ። እነዚህም የወተቱን ስኳር እየተመገቡ ላክቲክ አሲድ ወደሚባል ኮምጣጣ ነገር ይለውጡታል፤ አሲዱም የወተቱን ፕሮቲን ያረጋዋል። ሙቀት ሲጨምር ሥራቸው ይፋጠናል።

ይሁን እንጂ በጥሬ ወተት ውስጥ የሚገኙት ጠቃሚዎቹ ብቻ አይደሉም። ላሚቱ የታመመች እንደ ሆነ ወተቷ የሳንባ ነቀርሳን፥ እንዲሁም ብሩሴሎሲስ የተባለውንና ሰውን በሚመላለስ ትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም የሚያሠቃየውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ወተቱ ስለ ረጋ ብቻ የበሽታው ዘር ጠፍቷል ማለት አይደለም።

እናቶቻችን የወተቱን ቅል ወይም ገንቦ አጥበው በወይራ ጢስ ያጥኑታል። ይህ ልማድ ጥበብ ያለበት ነው፤ ጢሱ መልካም መዓዛ ከመስጠቱም በላይ የአንዳንድ ተሐዋስያንን መራባት ይገታል። ነገር ግን ጢስ የማፍላትን ሥራ ሊተካ አይችልም።

በዚህ ጊዜ «የፈላ ወተት እኮ አይረጋም» የሚል አይጠፋም። አባባሉ በከፊል እውነት ነው። እሳት በሽታ አምጪዎቹን ሲገድል የሚያረጉትንም አብሮ ይገድላቸዋልና፥ የፈላ ወተት ዝም ብሎ ቢቀመጥ እርጎ በመሆን ፈንታ ሊበላሽ ይችላል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ለእንጀራ ሊጥ እርሾ እንደምንጨምር ሁሉ ለፈላ ወተትም እርሾ መጨመር ነው። በቡልጋሪያ እርጎ ውስጥ ይህን ሥራ ከሚሠሩት ተሐዋስያን አንዱን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. ለይቶ ያወቀው ስታመን ግሪጎሮቭ የተባለ ቡልጋሪያዊ ሐኪም ነበር። በጎረቤታችን በሱዳንም ዘባዲ የተባለው እርጎ የሚዘጋጀው በሞቀ ወተት ላይ እርሾ በመጨመር ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። አንድ ሊትር ወተት በንጹሕ ድስት አድርጎ እያማሰሉ ማፍላትና ለጥቂት ደቂቃ በእሳቱ ላይ ማቆየት ነው፤ ይህም እርጎውን ወፍራም ያደርገዋል። ከዚያ ከድኖ ማቀዝቀዝ ይገባል። በደንብ የታጠበ ጣት ነክረው እስከ ዐሥር ሲቈጥሩ ሳያቃጥል የሚያሞቅ ከሆነ፥ ሙቀቱ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ያህል ደርሷልና ይበቃል። ቀጥሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርሾ በጥቂት ወተት በጥብጦ ከቀረው ጋር መቀላቀል ነው። እርሾው ስኳር ያልገባበትና ከፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ይሁን፤ ከጥሬ ወተት የተገኘ እርሾ በእሳት ያስወገድነውን በሽታ መልሶ ያገባዋልና። ዕቃውም በፈላ ውሃ የታጠበና ክዳን ያለው ይሁን።

በደጋ ዕቃውን በጋቢ መጠቅለል ያስፈልጋል። በመተማ ግን በበጋ የቤቱ ሙቀት ራሱ ስለሚበቃ መጠቅለል አያሻም፤ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥም አይገባም፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት እርሾውን ይገድላል። ሳይነቃነቅ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ቢቆይ ይረጋል።

በቆላ ከሁሉ የሚከብደው ከረጋ በኋላ ያለው ጥንቃቄ ነው። በረዶ ቤት ያለው ወዲያውኑ ያስገባው። የሌለው ዕቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፥ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር፥ ውሃ ባለበት ሳሕን ላይ ያስቀምጠው። ገንቦ ላቡን እያወጣ ውሃን እንደሚያቀዘቅዝ፥ ከጨርቁ የሚተነው ውሃም ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ይህ ዘዴ አየሩ በሚደርቅበት በበጋ መልካም ይሠራል፤ በክረምት ግን አየሩ ስለሚረጥብ ኃይሉ ይቀንሳልና ያን ጊዜ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ማርጋት ይሻላል። አረፋ ያወጣ፥ ሻጋታ የያዘ ወይም ሽታው የከፋ እርጎ ሳይቀመስ ይደፋ። ለሚቀጥለውም ቀን ሁለት ማንኪያ እርሾ አስቀድሞ ማስቀረት እንዳይረሳ።

እንግዲህ አድማጮች፤ ወይራውንም ቅሉንም መተው አያስፈልግም። ለጥቂት ደቂቃ እሳትና ለሁለት ማንኪያ ንጹሕ እርሾ የሚደክም ሰው ለልጆቹ የሚያቀርበውን እርጎ ያለ ስጋት ያቀርባል።