መስመሩና ሸለቆው የት ይገናኛሉ?

ከሙከጡሪ በለሚ አድርጎ ዓለም ከተማ ለሚገባ መንገደኛ የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ግድ ነው። ሸለቆውን ለምሳሌ ያህል ፓራቦላ እናድርገውና ዋይ=ኤክስ² እንበለው፤ ከአፋፍ አፋፍ የተወጠረው ገመድ ደግሞ ዋይ=ኤክስ+2 ይሁን።

በሚገናኙበት ነጥብ የሁለቱም ከፍታ፣ ማለትም ዋይ፣ አንድ ነው። ስለዚህ እናስተካክላቸዋለን፦ ኤክስ²=ኤክስ+2። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ስናመጣ ኤክስ²−ኤክስ−2=0፣ ወይም (ኤክስ−2)(ኤክስ+1)=0 ይሆናል። ኤክስ 2 ወይም −1 ነው፤ ነጥቦቹም (2፣ 4) እና (−1፣ 1) ናቸው።

ከመሬት በታች የሚያልፈውን ዋይ=ኤክስ−1 ብንወስድ ግን ኤክስ²−ኤክስ+1=0 ይመጣል፤ በቀመሩ ስንሠራው ከስኩዌር ሩቱ ሥር −3 እናገኛለን። ብዙ ተማሪ እዚህ ሲደርስ የተሳሳተ መስሎት ይሰርዛል። እኔ አትሰርዙ እላለሁ፤ አልጀብራው «አይገናኙም» ብሎ መልሷል። ዜሮ ቢመጣ ደግሞ መስመሩ ሸለቆውን በአንድ ነጥብ ብቻ ነክቶ ያልፋል።