የሬዲዮ ሞገድ ከፈንጂ እንዲርቅ የሚደረገው ለምንድን ነው?

በጥይት ግምጃ ቤቶችና ድማሚት በሚፈነዳባቸው የድንጋይ ካባዎች አቅራቢያ የሬዲዮ መገናኛና የእጅ ስልክ እንዲጠፋ የሚያዝ ምልክት መትከል የተለመደ ነው። ትእዛዙ ለአንዳንድ መንገደኛ የተጋነነ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል።

በተለመደው ሁኔታ የሬዲዮ ሞገድ ፈንጂውን በቀጥታ አያቀጣጥልም። የሚያሰጋው ዴቶኔተር የሚባለውና በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማቀጣጠያ ነው። በውስጡ እጅግ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግልና በዙሪያው ያለውን ቅመም ያቀጣጥላል። ከማቀጣጠያው የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ታዲያ ሳይታሰብ እንደ አንቴና ሊሆኑ ይችላሉ። ራዳር ወይም ኃይለኛ የሬዲዮ ማሰራጫ ቅርብ ከሆነ፣ የሽቦዎቹም ርዝመት ከሞገዱ ጋር ከተጣጣመ፣ ማንም ቁልፍ ሳይነካ ኤሌክትሪክ ሊፈጠርባቸው ይችላል።

ያልተፈለገ ኤሌክትሪክ የሚያስከትለው ጉዳት ሐምሌ 22 ቀን 1959 ዓ.ም. ፎረስታል በተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ታይቷል። ከአንድ አውሮፕላን ሳይታዘዝ የተተኮሰ ሮኬት ባስነሣው ቃጠሎና ፍንዳታ 134 ሰዎች ሞቱ። አደጋው በአንዳንድ ጽሑፎች የራዳር ሞገድ ያደረሰው ተደርጎ ይተረካል፤ የባሕር ኃይሉ ምርመራ ግን ምክንያቱን ያገኘው አውሮፕላኑ ከውጭ ኃይል ወደ ራሱ ኃይል ሲዛወር በተፈጠረ ድንገተኛ የኤሌክትሪክ ግፊት ነው። ምንጩ ይለያይ እንጂ ማቀጣጠያው ሁለቱን አይለይም።

በመሆኑም ማቀጣጠያዎች በተዘጋ የብረት ሣጥን ይቀመጣሉ፤ የሽቦዎቻቸው ጫፎችም እስከ መጨረሻው ሰዓት እርስ በርስ ተጠምዝዘው ይቆያሉ። በአሜሪካ ወታደራዊ መስፈርት ደግሞ ማቀጣጠያው 1 አምፔርና 1 ዋት ለ5 ደቂቃ ቢያልፍበት እንኳ መፈንዳት የለበትም። ይበልጥ የሚያሰጋው ሣጥኑ ተከፍቶ ሽቦ በሚገጠምበት ጊዜ ነው፤ በአቅራቢያ ያሉ ማሰራጫዎች የሚዘጉትም በዚህ ምክንያት ነው።

የእጅ ስልክ ባለቤቱ ባይደውልበትም ከኔትወርኩ ጋር ለመገናኘት በየጊዜው ሞገድ ይልካል። ስለዚህ ምልክት ባለበት ሥፍራ ስልኩን ኪስ ውስጥ መክተት አይበቃም፤ መጥፋት አለበት። ተቀባይ ብቻ የሆነው የመኪና ሬዲዮ ግን ሞገድ ስለማያሰራጭ በዚህ ረገድ ብዙም አያሰጋም።

ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ያልፈነዳ ተተኳሽ ያገኘ ሰው ዕቃውን ከመንካትም ሆነ አጠገቡ ቆሞ ከመደወል መቆጠብ ይኖርበታል። በመጣበት ዱካ ተመልሶ በሚገባ ከራቀ በኋላ፣ ሌሎች ሰዎች ወደ ሥፍራው እንዳይቀርቡ እያስጠነቀቀ፣ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ያሳውቃል።