ወንበሩ የማን ነው? ሻንጣውስ?

ነገሩ የደረሰው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤቴን አንድ ጉዳይ ለመከታተል አሰበ ተፈሪ ሰንብቼ ልመለስ መናኸሪያ ስደርስ፣ አንድ ጫኝና አውራጅ ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብሎ አውቶቡሱ ፖርቶ መጋላ ላይ ሰቀለልኝ። የጠየቀኝን ከፍዬ ገባሁ። ሻንጣው ውስጥ ልብሴና የመሥሪያ ቤቱ ሰነዶች ነበሩ። አዲስ አበባ ስንደርስ ሸራው ተገለጠ። ጆንያው ወረደ፣ ፍራሹ ወረደ፣ ቅርጫቱ ወረደ፤ የእኔ ሻንጣ የለም። ረዳቱን ብጠይቀው «እኔ ነኝ የተቀበልኩህ?» አለኝ። ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ሰው በትሕትና «ወንድሜ፣ የዕቃ ደረሰኝ ይዘሃል?» ሲል ጠየቀኝ። ትኬቴን አወጣሁ። ገለበጠና ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የታተመውን በጣቱ አሳየኝ፤ «ለጠፋ ዕቃ ድርጅቱ ኃላፊ አይደለም።»

ሕግ ተምሬ የተመረቅሁ፣ ሰውን «ማስረጃህ የታለ?» እያልኩ የምውል ሰው አፌን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ያቀረበችልኝ ጥያቄ ነው። ለስብሰባ ጀርመን ልትሄድ ተዘጋጅታለች። «ጋሼ፣ ከፍራንክፈርት በርሊን በባቡር ነው የምሄደው። ትኬቱን ከገዛሁ በኋላ ወንበር ለብቻው ልያዝልሽ ወይ ይለኛል። ትኬት ከገዛሁ ወንበር የለኝም ማለት ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ የዋህ ይመስላል። ነገር ግን በየትኛውም ዓለም የሚሳፈር ሰው ሊጠይቃቸው ከሚገቡት ሁለት ጥያቄዎች የመጀመሪያው ነው፤ ወንበሩ የማን ነው? ሁለተኛው ደግሞ ሻንጣው በማን ኃላፊነት ይጓዛል? የሚል ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። በጀርመን ባቡር ትኬት ማለት የመጓዝ መብት ነው፤ የመቀመጥ መብት ግን ለብቻው ይገዛል። ወንበር ያልያዘ መንገደኛ ባዶ ካገኘ ይቀመጣል፣ ካላገኘ ይቆማል። የተያዘው ወንበር አጠገብ ከየት እስከ የት እንደተያዘ የሚገልጽ ጽሑፍ ይታያል። ባለ ወንበሩ ባቡሩ ከተነሳ በኋላ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተቀመጠበት ግን መብቱ ይቀርበታል። በፈረንሳይ ፈጣን ባቡር፣ ቲጂቪ በሚሉት፣ ነገሩ ሌላ ነው። ትኬቱ ራሱ የፉርጎውንና የወንበሩን ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ያለ ወንበር ትኬት የለም። በአጭር ርቀት የክልል ባቡሮች ደግሞ ወንበር መያዝ የሚባል ነገር ብዙውን ጊዜ የለም፤ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል። ሦስቱም ሥርዓቶች ይለያያሉ። የሚያመሳስላቸው መንገደኛው የገዛውን ነገር ገና ከቤቱ ሳይወጣ ማወቁ ነው።

ሻንጣን በተመለከተ የአውሮፓ ባቡር የአውሮፕላን ዓይነት አይደለም። በሩ ላይ ተቀብሎ የሚመዝንልዎ ሰው የለም። ራስዎ ይሸከማሉ፣ ራስዎ ከራስጌ ባለው መደርደሪያ ወይም በፉርጎው ጫፍ በተዘጋጀው ቦታ ያስቀምጣሉ፣ ራስዎ ይጠብቃሉ። ፈረንሳይ ውስጥ ሻንጣ ላይ ስም መጻፍ ግዴታ ነው። ሕጉም ሻንጣን በሁለት ይከፍላል። አንዱ መንገደኛው ራሱ የያዘው ነው። ይህ ዓይነቱ አደጋ ሳይደርስ ቢጠፋ፣ አጓጓዡ የሚጠየቀው ጥፋቱ የእርሱ መሆኑ ሲታወቅ ብቻ ነው። ሌላው ለአጓጓዡ በደረሰኝ የተሰጠው ነው። ይህኛው ቢጠፋ በመርህ ደረጃ አጓጓዡ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የባቡር መንገደኞች መብት ደንብ ባካተተው ዓለም አቀፍ ሕግ መሠረት፣ የጉዳቱ ልክ ከተረጋገጠ ካሣው በኪሎ እስከ 80፣ ካልተረጋገጠ ደግሞ በኪሎ 20 ሂሳብ ነው። ቁጥሩ የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሚጠቀምበት የሂሳብ መለኪያ የሚሰላ ነው። ስለዚህ ደረሰኝና ሚዛን ተራ ወረቀት አይደሉም፤ የካሣው መሠረት ናቸው።

አሁን ወደ አገራችን፣ ወደ ጭሮ መንገድ እንመለስ። ጭሮ፣ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ በሚወስደው ጎዳና ላይ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ወደ ገለምሶ፣ ወደ በዴሳ፣ ወደ ሂርና የሚሄደው ሰው በዚያ ያልፋል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረቡ ደግሞ የቁልቢ ተጓዥ መንገዱን ይሞላዋል። ያን ጊዜ የወንበር ቁጥር ትርጉም ያጣል። ጋቢ የጣለ ወንበር ያዘ ይባላል፤ በመተላለፊያው ላይ ዱካ ተደርድሮ ትርፍ ሰው ይጫናል፤ «እዚህ ጋር ጠጋ በሉ» የሚለው ቃል ከትኬቱ ይበልጣል። ጋቢና ጋዜጣ አስቀምጦ ቦታ መያዝ ክፋት የለውም፤ ችግሩ በገንዘብ የተገዛውን ቁጥር መሻሩ ላይ ነው።

የሻንጣው ጉዳይ ግን ከዚህ ይከፋል። አውሮፓ ውስጥ የያዙት ሻንጣ አለ፣ ያስረከቡት ሻንጣ አለ። እኛ ጋ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ከባለቤቱ እጅ የወጣ፣ ነገር ግን ማንም ያልተረከበው። ፖርቶ መጋላ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው። ጫኙ የአውቶቡሱ ሠራተኛ አይደለም፤ ረዳቱ «አላየሁም» ይላል፤ ባለንብረቱ አዲስ አበባ ነው። አዋሽ ኬላ ላይ ፈታሽ ወጥቶ «ይሄ የማነው?» ሲል አውቶቡሱ በሙሉ ጸጥ የሚልበትን ጊዜ በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃ ላይ ስምና ቁጥር የመለጠፍ ልማድ እንዳይሰድ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ባለቤት የሌለው ጆንያ ለኮንትሮባንድ ነጋዴ ይመቻል፤ ባለቤት የሌለው ሻንጣ ግን ለመምህሩ፣ ለነርሷ፣ ለተማሪው ኪሳራ ነው።

ሕጋችን በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ መንገደኛን በየብስ ስለማጓጓዝ ለብቻው ደንግጓል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ሁለት ጠቃሚ ነገሮች ይነግረናል። ቁጥር 1686 አንድ ነጋዴ ያወጣቸው አጠቃላይ የሥራ ደንቦች ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት፣ ያ ወገን አውቋቸው የተቀበላቸው ከሆነ ወይም የመንግሥት ባለሥልጣን ያወጣቸው ወይም ያጸደቃቸው ከሆነ ነው ይላል። ስለዚህ ገንዘብ ተከፍሎ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ከጀርባው የሚነበብ ደቃቅ ጽሑፍ የነገሩ መጨረሻ አይደለም፤ ክርክር አለበት። ቁጥር 2001 ደግሞ ግዴታው ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት ይላል። እኔን ያሸነፈኝ እንግዲህ የቢሮው ሰው ያሳየኝ ጽሑፍ አልነበረም፤ እኔ ያላሳየሁት ደረሰኝ ነው።

ይህ አካባቢ ለወረቀትና ለሕግ እንግዳ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ጨርጨርን ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ሐዲድም የጨርጨርን ተራራ ትቶ በቆላው፣ በሚኤሶ በኩል ነው ያለፈው። ባቡር ሲመጣ ወንበር በማዕረግ፣ ጭነት በሚዛንና በወረቀት መጓዙን ይዞ መጣ። አሮጌው ባቡር ቆሞ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የመንገደኛ አገልግሎቱን ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀመረ። እርሱም በሚኤሶ ያልፋል። ለጭሮ ሰው ታዲያ ባቡሩ ግማሽ መንገድ ነው፤ ከሚኤሶ ወርዶ ዳገቱን በመኪና መውጣት ይቀረዋል። ጣቢያዎቹም ከከተማ ራቅ ብለው የተሠሩ ናቸው። በባቡር በቁጥር የተቀመጠው መንገደኛ ከሐዲዱ ሲወርድ ወደዚያው ቁጥር አልባ ዓለም ይመለሳል።

መፍትሔው ግን ሐዲድ አይጠይቅም። ሁለት ተመሳሳይ ቁጥር ያለባት አንዲት ቁራጭ ካርቶን ትበቃለች፤ ግማሿ በሻንጣው ላይ ትታሰራለች፣ ግማሿ ለመንገደኛው ትሰጣለች። ስትወርድ ቁጥር ይመሳከራል። ይህን የሚሠራ አውቶቡስ ሲያገኙ ሁለተኛም በእርሱ ይሂዱ። መናኸሪያዎችም ይህን ግዴታ ቢያደርጉት ትልቅ በጀት አይጠይቃቸውም።

እስከዚያው ድረስ ምክሬ ይህ ነው። ትኬት ሲቆርጡ የወንበሩን ቁጥር አንብበው ይውጡ። ሰነድ፣ ገንዘብና መድኃኒት በምንም ምክንያት ጣሪያ ላይ አይስቀሉ፤ ጭንዎ ላይ ይሁን። ሻንጣው ላይም ውስጡም ስምና ስልክ ይጻፉ። ሲጫን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ የሰሌዳው ቁጥርም ይግባ። ከሁሉ በላይ ከመሳፈርዎ በፊት ረዳቱን በሰው ፊት «ይህን ዕቃ የተረከብከኝ አንተ ነህ?» ብለው ይጠይቁት። «አዎ» ካለ ምስክር አለዎት። «አይ» ካለ ደግሞ ሻንጣዎን ያውርዱት።

ለእህቴ ልጅም የነገርኳት ይህንኑ ነው። «ወንበሩን ያዢ፣ ሻንጣሽ ላይ ስምሽን ጻፊ፣ ከዓይንሽም አታርቂው» አልኳት። «ጋሼ፣ ጀርመን እኮ ነው» ብላ ሳቀች። እኔም ስቄ አሳለፍኩት። አሰበ ተፈሪ ላይ የሰቀልኩት ሻንጣ እስከ ዛሬ እንዳልወረደ ግን አልነገርኳትም።