የግንድ ካሚዮን ነጂዎች ወገብና ትከሻ እንዴት ይጠበቃል?

ከጫካ የተቈረጠ ግንድ ጣውላ ሁኖ ከቤታችን እስኪገባ ድረስ በብዙ ሰዎች እጅ ያልፋል። ዛፉን የቈረጠውን፥ በመጋዝ የሰነጠቀውንና ወንበር አድርጎ የሠራውን አናጢ ሁላችንም እናስታውሳለን። በጫካውና በመሰንጠቂያው መካከል ቀንና ሌሊት የሚመላለሰውን የካሚዮን ነጂ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ስሙ ቢነሣ እንኳ የሚነሣው መኪናው የተገለበጠ ዕለት ነው። እኛ ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለ መገልበጥ አይደለም፤ ሳይገለበጥና ሳይጋጭ፥ አንድም ቀን ወሬው ሳይሰማ፥ ወገቡና ትከሻው ቀስ በቀስ ስለሚጐዳበት ነጂ ነው።

በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ዳገት ላይ ያለው የሙኔሳና የሻሸመኔ ደን፥ በሰው እጅ የተተከለ የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ በብዛት የሚገኝበት፥ ከጥንት የቀረ ዝግባም ያለበት አገር ነው። በዚያ አካባቢ ስሙን በማናነሣው በአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ግቢ ውስጥ ለሥራ ጉዳይ ሄደን ግማሽ ቀን ያህል ቈይተን ነበር። ግንድ የጫነ ካሚዮን ገባ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ የጋቢናውን በር ከፈተ፤ ከዚያም ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሲመስል እንደ ጐረምሳ ወደ መሬት ዘለለ። እግሩ መሬት እንደ ነካ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ፤ ፊቱን አጨማደደ፤ ወዲያውም ጭነቱ የታሰረበትን ሰንሰለት ለመፍታት ሄደ። «ምን ሆኑ?» ብለን ብንጠይቀው፥ «ምንም አይደል ጌታዬ፤ ብርድ ነው» አለን።

በአገራችን የወገብ ሕመም ሁሉ ብርድ ይባላል። ነጂው ሌሊት በደጋ ያልፋል፥ በጋቢና ውስጥ ያድራል፥ ስለዚህ ሕመሙን በብርድ ማመካኘቱ አያስደንቅም። ከቤቱ ሲደርስም ባለቤቱ ውኃ አሙቃ ወገቡን ትተኵስለታለች፥ በቅቤ ወይም በዘይት ታሸዋለች፤ ካልተሻለው ወጌሻ ይጠራል። ይህን ስንል ባለቤቲቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሙቀትም መታሸትም ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሣሉ። ነገር ግን የሕመሙ ምክንያት ብርድ ስላልሆነ፥ ሰውዬው ወደዚያው መቀመጫና ወደዚያው ሰንሰለት በተመለሰ ጊዜ ሕመሙም አብሮት ይመለሳል።

ምክንያቱን ለማወቅ ስለ ጀርባ አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የሰው ጀርባ ከአንገት እስከ ወገብ ድረስ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደሩ 24 የሚንቀሳቀሱ አጥንቶች አሉት። በአጥንቶቹ መካከል ሐኪሞች ዲስክ የሚሉአቸው ልስልስ ትራሶች ይገኛሉ፤ ቍጥራቸውም 23 ነው። እነዚህ ትራሶች በአዋቂ ሰው ላይ የራሳቸው የደም ሥር የላቸውም ለማለት ይቻላል። ምግባቸውን የሚያገኙት ከአካባቢያቸው ነው፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ተጨምቀው ሲለቀቁ፥ ስፖንጅ ውኃ እንደሚስብ ሁሉ ይስባሉ። ስለዚህ ለብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ለእነርሱ ጾም ነው።

በዚህ ላይ የመንገዱ መንቀጥቀጥ ይጨመራል። የተቀመጠ ሰው በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ሲናጥ፥ ሰውነቱ ከመቀመጫው ይልቅ አብልጦ እንደሚንቀጠቀጥ በምርመራ ታውቋል። በኮረኮንች መንገድ የሚሄድ ካሚዮን መንቀጥቀጥም ብዙውን ጊዜ በዚሁ መጠን አካባቢ ነው። የጀርባ ጡንቻዎች ይህን ለመቋቋም ያለ ዕረፍት ሲኰማተሩ ይውላሉ፥ ይደክማሉም። የአውሮፓ ኅብረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለመላው ሰውነት መንቀጥቀጥ ልክ አበጅቶለታል፤ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ታስቦ 0.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲደርስ አሠሪው ርምጃ እንዲወስድ፥ ከ1.15 እንዳያልፍም ወስኗል። ባሌስትራው የደከመ፥ የመቀመጫው ስፖንጅ ያለቀ፥ ጎማው ከመጠን በላይ የተነፋ ካሚዮን ነጂውን የበለጠ ያናውጠዋል።

(ጋቢና፥ ባሌስትራ፥ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። አማርኛ የሚማሩ አንባቢዎቻችን በመዝገበ ቃላት ውስጥ ቢያጡአቸው አይገረሙ፤ ወደ ማናቸውም ጋራዥ ጐራ ቢሉ፥ በአስመራም ይሁን በአዲስ አበባ፥ ያገኙአቸዋል።)

እንግዲህ ነጂው ከመሰንጠቂያው ግቢ ሲደርስ በምን ሁኔታ እንዳለ እናስብ። ጡንቻው ደክሟል፤ መገጣጠሚያው ደርቋል፤ ጀርባው ለብዙ ሰዓት ጐብጦ ከርሟል። ሸክምና ጕተታ ፈጽሞ የማይስማማው በዚህ ሰዓት ነው። እርሱ ግን ከመንገዱ ሁሉ የከበደውን ሥራ የሚሠራው በዚሁ ሰዓት ነው፤ ይዘላል፥ ሰንሰለት ይፈታል፥ ገመድ ይጐትታል። በእኛ አስተያየት ብዙውን ጕዳት የሚያመጣው መንገዱ ብቻ ሳይሆን፥ ከመንገዱ በኋላ ያለችው የአምስት ደቂቃ ጥድፊያ ናት። ነጂው ከወረደ በኋላ ወደ ጭነቱ ከመሄዱ በፊት መኪናውን ሁለት ጊዜ ቢዞር፥ ጎማዎቹን እየተመለከተ ጀርባውን ቢያቃና፥ ትከሻውንም ቢያንቀሳቅስ የሚያጠፋው ጊዜ አንድ ሲጋራ ከሚያጨስበት ያነሰ ነው።

አወራረዱም ትምህርት ያሻዋል። የትልቅ ካሚዮን ጋቢና ወለል ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ ይርቃል። ከዚያ የሚዘል ሰው መሬት ሲነካ በቍርጭምጭሚቱ፥ በጕልበቱና በወገቡ ላይ የሚያርፈው ኀይል ከራሱ ክብደት ብዙ ዕጥፍ ነው። በመሰንጠቂያ ግቢ ደግሞ መሬቱ ራሱ አይታመንም፤ ሰጋቱራና የዛፍ ቅርፊት ጕድጓዱን ሸፍኖት ስለሚውል እግር ይጠመዘዛል። ስለዚህ ነጂው ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ፥ መሰላል እንደሚወርድ ሰው፥ ከሁለት እጁና ከሁለት እግሩ ሦስቱ ምን ጊዜም እንደ ያዙ ወይም እንደ ረገጡ ሁኖ ይውረድ። ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ የሚወርድ ግን መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ትከሻውን ይጐዳል፥ ወይም ዞሮ ዞሮ ይዘላል።

ከሁሉ ይልቅ ልንቈይበት የምንፈልገው የማሰሩና የመፍታቱ ሥራ ነው። በጭነቱ ላይ ሰንሰለት ለመወርወር ነጂው አንድ ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ፥ ወገቡን ጠምዝዞ፥ ከራሱ በላይ በኀይል ያሽቀነጥራል። በአንድ ጊዜ የትከሻውን ጅማትና የወገቡን ጡንቻ የሚያስጨንቅ ሥራ ከዚህ የባሰ ማግኘት ያስቸግራል። መድኀኒቱ ግን ቀላል ነው። በመጀመሪያ ጫፉ ላይ ቀላል ነገር የታሰረበት ቀጭን ገመድ ይወረወራል፤ ረዳቱ በወዲያኛው ጐን ሁኖ ገመዱን ሲስብ ከባዱ ሰንሰለት ተከትሎ ይሄዳል። ይህን ያየነው ከአንድ ሽማግሌ ነጂ ነው፤ ማን አስተማራችሁ ብንለው «ትከሻዬ» ብሎናል።

ሰንሰለቱን ሲያጠብቁም ብዙዎች የማጥበቂያውን እጀታ በረጅም ቱቦ አስረዝመው ባለ በሌለ ኀይላቸው ወደ ላይ ይስባሉ። እጀታው ቢያመልጥ ፊት ይመታል፤ ባያመልጥም ወገብን ይሰብራል። እግርን ከፍቶ አንዱን ወደ ፊት አስቀድሞ፥ በራስ ክብደት ወደ ታች መጫን ይሻላል፤ በየጥርሱ እየያዘ የሚጠብቅ ማጥበቂያ ከተገኘም ከሁሉ የበለጠ ነው። ሲፈቱ ደግሞ ግንዱ ወደ ፈቺው አዘንብሎ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማየት፥ ግንድ ሊንከባለል በሚችልበት ጐንም አለመቆም ግዴታ ነው።

እጅን ዘርግቶ፥ አጐንብሶ መሳብ ስለምን እንደሚጐዳ በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። አንድ ሰው 20 ኪሎ የሚመዝን ነገር ከወገቡ ግማሽ ሜትር አርቆ ቢይዝ፥ ክብደቱን የሚቋቋመው የጀርባ ጡንቻ ከአከርካሪው የሚርቀው አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ጡንቻው ዐሥር ዕጥፍ፥ ማለት የ200 ኪሎ ያህል ኀይል ማውጣት አለበት። ያንኑ 20 ኪሎ ወደ ሆዱ አስጠግቶ ቢይዘው ድካሙ በብዙ ይቀንሳል።

ግንድን በእጅ ማንሣትማ ፈጽሞ የነጂው ሥራ ሊሆን አይገባም። ርዝመቱ 4 ሜትር፥ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትኩስ የባሕር ዛፍ ግንድ ወደ 280 ኪሎ ይጠጋል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፥ አንድ አዋቂ ወንድ በእጁ ከ55 ኪሎ በላይ እንዲሸከም የሚፈቀድበት አገር ቢኖር ፈጥኖ ወደዚያ መጠን እንዲያወርደው አሳስቧል። በአሜሪካ በ1991 የተሻሻለው የሸክም ስሌት ደግሞ፥ ሁኔታው ሁሉ የተመቸ ሲሆን እንኳ ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ ይመክራል። ነጂው ግን ጫኞች ሲያንሱ «እስቲ አንዴ እጅ ስጠን» ይባላል፤ ይሉኝታ ይዞትም ትከሻውን ያስገባል።

ስለ መቀመጫው አጭር ቃል እንጨምር። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ጀርባው ከመደገፊያው እንዳይለቅ ወንበሩን ያስጠጋ፤ ክርኑ ጥቂት ታጥፎ መሪውን ይያዝ፤ በኋላ ኪሱ ቦርሳ ይዞ አይቀመጥ፤ በየሁለት ሰዓቱም ወርዶ ጥቂት ይራመድ።

አሁን ነገሩ ወደ እኛ፥ ወደ ቢሮ ሰዎች ይመለሳል። ነጂው የሚዘለው ስንፍና ይዞት አይደለም። ክፍያው በምልልስ ቍጥር ከሆነ፥ በበሩ ላይ ሰነድ እስኪፈረምለት ሁለት ሰዓት ቢቆም፥ ያን የጠፋ ጊዜ የሚያካክሰው ከገዛ ወገቡ ነው። ወረቀቱ በዐሥር ደቂቃ ቢያልቅለት ከብዙ ምክር ይበልጥ ይጠቅመዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያዛል፤ በሥራ ምክንያት የሚመጣ ጕዳት ማለትም ድንገተኛውን አደጋ ብቻ ሳይሆን ከሥራው ጠባይ የሚመጣውን በሽታ ጭምር መሆኑን ይገልጻል። ይሁን እንጂ «ብርድ ነው» ተብሎ የታለፈ ሕመም በማንም መዝገብ አይገባም። የጤና ሠራተኛም ሆነ የክፍል ሹም አንድ ነጂ ስለ ወገቡ ሲነግረው፥ መቼና ምን ሲሠራ እንደ ጀመረው ጠይቆ ቢጽፍ መልካም ነው።

ወደ ቤት ሰዎችም አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የወገብ ሕመም ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይሻላል፤ አልጋ ላይ ተኝቶ ከመሰንበት ይልቅም ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ይረዳዋል። ነገር ግን ሕመሙ ወደ እግር ወርዶ እግሩን ካደነዘዘው ወይም ካዛለው በሐኪም መታየት አለበት። ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቈጣጠር ካቃተው፥ ወይም በጭኖቹ መካከል ከደነዘዘው ደግሞ ወጌሻ መጥራት ቀርቶ፥ አንድ ሌሊት ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

በዚያ ግቢ ሳለን አንድ ነገር አስገርሞን ነበር፤ ጣውላ እንደ ተራራ በተከመረበት ስፍራ አንዲት የእንጨት ደረጃ አልነበረችም። ይህንኑ ለግቢው ኀላፊ ብንነግረው ሳቀና ዝም አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሰን ስንሄድ፥ ከማይሸጥ የጣውላ ቍራጭ የተሠራች፥ ሁለት ሰው የሚያንቀሳቅሳት ባለ ሦስት እርከን ደረጃ በማራገፊያው አጠገብ ቆማ አየን። ዘበኛው ካሚዮን በገባ ቍጥር ከጋቢናው ሥር ያስጠጋታል። ያ ነጂ ግን ዕለቱን አልመጣም ነበር፤ ብንጠይቅ በዚያ ሳምንት ሆስፒታል ቀጠሮ እንዳለው ነገሩን።