ሕመሙ ጋብ አለ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም

በብሎካችን ቡና እያፈሉ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሲሻላቸው ያቆሙታል፣ ሲብስባቸው ይጀምሩታል። አንድ ሰኞ ጠዋት ደረታቸው መሐል እንደ ድንጋይ የከበደ ነገር ተጫናቸው፤ ላብ አጠመቃቸው፣ አስመለሳቸውም። ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ሰጣቸው፤ እርሳቸው ደግሞ «ጨጓራዬ ነው» አሉ።

በማግስቱ ስጠይቃቸው ሕመሙ ጋብ ብሎላቸው ነበር። እኔም በነርስነት ሠልጥኜ ሳለሁ «እንኳን ተሻለዎት እማማ፣ ሲመችዎ ክሊኒክ ብቅ ይበሉ» ብዬ አለፍኩ። ሐሙስ ዕለት የራሽን ዱቄታቸውን ተሸክመው ሲመለሱ መንገድ ላይ ወደቁ። ክሊኒክ ሳንደርስ አረፉ። አስከሬናቸው ስላልተመረመረ ምክንያቱን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ነገር ግን ምልክቱም ሆነ የቀኑ ቆጠራ አንድ ነገር ያስጠረጥራል፤ እርሱም የልብ ግድግዳ መቀደድ ነው።

የልብ ግድግዳ እንዴት ይቀደዳል?

ልብ ራሷ ደም የሚያደርሱላት ቧንቧዎች አሏት። አንዱ በረጋ ደም ሲደፈን፣ ደም ያልደረሰው የልብ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። ሃርት አታክ የምንለው ይህ ነው። ሰውነት የሞተውን ሥጋ እያነሣ በጠባሳ ይተካዋል፤ ጠባሳው እስኪጠነክር ግን ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ ቦታው ይለሰልሳል፣ ይሳሳልም። ልብ ደግሞ ለአፍታም አታርፍም። የሳሳው ግድግዳ ግፊቱን መቋቋም ሲያቅተው ይቀደዳል።

የሚፈሰው ደም ልብን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። በድንገት ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ስኒ ሻይ የሚያህል ደም ከገባበት፣ ልብን ከውጭ ይጨምቃታል፤ ደም መሙላት ያቅታታል። በሽተኛው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይህ በአብዛኛው የሚደርሰው በመጀመሪያው ቀን ወይም ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ከ2 ሳምንት በኋላ እምብዛም አያጋጥምም።

በይበልጥ የሚያሰጋው ለማን ነው?

ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ለሴቶች፣ የደም ግፊት ላለባቸው፣ ሃርት አታክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለያዛቸው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘግይተው ለሚታከሙ ነው። በጊዜ ደርሰው የተደፈነው ቧንቧ በተከፈተላቸው ሕሙማን ላይ የልብ መቀደድ ከ100 ሰው በ1 ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ቢደርስ ነው። ከተቀደደ በኋላ ግን ያለው ተስፋ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ለብዙዎች አይደርስም።

ምን እናድርግ?

- የደረት መጨነቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም የትንፋሽ ማጠር ሲኖር ሳንዘገይ ወደ ክሊኒክ እንሂድ፤ ሌሊትም ቢሆን ነገን አንጠብቅ። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕሙማን ላይ የደረት ሕመሙ ቀላል ሊሆን ወይም ጨርሶ ላይኖር ይችላል።
- በሽተኛውን አናስኪደው። በቃሬዛ ወይም በተገኘው ተሽከርካሪ እናድርሰው።
- አስፒሪን ደም እንዳይረጋ ይረዳል፤ ነገር ግን የማይስማማው ወይም የሚደማ ጨጓራ ያለው ሰው ስላለ የጤና ሠራተኛ ሳንጠይቅ አንስጥ።
- ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ከሱቅ ገዝተን ሕመሙን አናስታግሥ። እነዚህ የልብን ቁስል መዳን ሊያዘገዩና አደጋውን ሊያብሱ ይችላሉ።
- ሃርት አታክ የያዘው ሰው ቢሻለውም እንኳ ሐኪም እስኪፈቅድለት ውኃ አይቅዳ፣ እንጨት አይልቀም፣ ራሽን አይሸከም። ተራውን ጎረቤት ይያዝለት።
- በእነዚያ ቀናት የደረት ሕመሙ ቢመለስ፣ መቁነጥነጥ፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም ራስን መሳት ቢታይ ፈጥነን እንመልሰው።
- የግፊት መድኃኒት ስለተሻለን አይቆምም።

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ በየቤቱ ስዞር «አሁን እንዴት ነዎት?» ብዬ ብቻ አላልፍም። «ትናንትናስ? ከትናንት በስቲያስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ጎረቤቶቻችሁን እንዲሁ ጠይቁ።