ፍሬን ለፊት ስንት፣ ለኋላ ስንት?

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደው መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ወረታ ደግሞ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ 1,830 ሜትር አካባቢ። ሰው ጭኖ 3 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ዓለም በርን አልፎ ወረታ እስኪገባ ድረስ በድምሩ 870 ሜትር ያህል ይወርዳል። ይህ ቁልቁለት የሚለቀው ኃይል ወደ ሙቀት ቢቀየር 80 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱና የጎማው ፍትጊያ ይወስዱታል። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ከያዘው ሞተሩም ድርሻውን ያነሳል። የተረፈው በሙሉ የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው።

ፍሬን ሲባል ደግሞ አራት ነው፤ በየጎማው አንድ። አራቱ ሥራውን እኩል ይካፈላሉ? አይካፈሉም። እኩል ቢካፈሉማ መኪናው አደገኛ ይሆን ነበር። ይህን ድርሻ በሚሊ ሜትር እየለኩ የሚጨነቁበት የውድድር መኪና ሰዎች ናቸው። ደብረ ታቦር የመኪና መወዳደሪያ የላትም፤ እነሱን የሚያስጨንቃቸው ጉዳይ ግን በየማለዳው ከመናኸሪያዋ ይወጣል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 1,000 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ የውድድር መኪና እንውሰድ። ቆሞ ሳለ 550 ኪሎው በፊት ጎማዎች፣ 450 ኪሎው በኋላዎቹ ላይ አርፏል እንበል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.5 ሜትር፣ የክብደቱ መሃል ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ አጥብቆ ፍሬን ሲይዝ 160 ኪሎ ያህል ከኋላ ወደ ፊት ይሻገራል። ፊት 710፣ ኋላ 290 ሆነ ማለት ነው። ጎማ መሬት ቆንጥጦ የሚይዘው በተጫነው ክብደት ልክ ስለሆነ፣ ከፍሬኑ ሥራ 71 በመቶው የፊት መሆን ይኖርበታል። ዝናብ ሲጥል ይህ ቁጥር ይለወጣል። እርጥብ መንገድ አጥብቆ መያዝን አይፈቅድም፤ መያዙ በግማሽ ሲቀንስ የሚሻገረው ክብደትም 80 ኪሎ ብቻ ይሆናል፤ የፊት ድርሻ ወደ 63 በመቶ ይወርዳል።

ድርሻው ሲዛባስ? ፊት ከበዛበት የፊት ጎማዎች ቀድመው ይቆለፋሉ። መኪናው መሪ አልሰማ ብሎ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል፤ ሹፌሩ እግሩን ቢያላላ ግን ይመለሳል። ኋላ ሲበዛበት ነገሩ ይከፋል። የኋላ ጎማዎች ተቆልፈው ሲንሸራተቱ ጀርባው ፊቱን ለመቅደም ይዞራል፤ ያን ለማቃናት ፋታ የሚያገኝ ሹፌር ጥቂት ነው። ስለዚህ የተወዳዳሪዎቹ ሕግ ፊት በጥቂቱ ይቅደም የሚል ነው። «በጥቂቱ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ሥራው ሁሉ።

በውድድር መኪና ፔዳሉ የሚገፋው አንድ የፍሬን ማስተር ሳይሆን ሁለት ነው፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። ሁለቱን የሚያገናኝ፣ ጥርስ የወጣለት አግዳሚ ዘንግ አለ፤ ባላንስ ባር ይሉታል። ዘንጉ መሃል ላይ ያለች ድቡልቡል ብረት ፔዳሉ ላይ በተበየደ ቱቦ ውስጥ ትገባለች። ድቡልቡሏ ወደ አንደኛው ማስተር ስትጠጋ የእግር ግፊቱ ወደዚያው ያጋድላል። ከዘንጉ ጫፍ የተነሳ ኬብል ሹፌሩ አጠገብ ካለ መዘወሪያ ጋር ይገናኛል፤ ተወዳዳሪው ዝናብ ሲጀምር ለኋላ ትንሽ ይጨምርለታል፣ መንገዱ ሲደርቅ ይመልሰዋል።

ጀማሪው ብዙ ጊዜ የሚቸኩለው ወደዚህ መዘወሪያ ነው። ልምድ ያለው መካኒክ ግን መጀመሪያ ሌላውን ይጨርሳል። በአንድ አክስል ግራና ቀኝ ያለው ሸራ አንድ ዓይነት መሆኑን ያያል፤ ኋላው ታምቡር ከሆነ ሸራውን ወደ ታምቡሩ ያስጠጋል፤ ከሁለቱም መስመሮች አየር ያስወጣል። በአንዱ መስመር አየር ከቀረ የዚያኛው ማስተር ከሌላው አርቆ ይሄዳል፤ ባላንስ ባሩም ይጣመምና ቱቦው ውስጥ ይያዛል። ያን ጊዜ መዘወሪያው ቢዞር ባይዞር ለውጥ የለውም። ከማስተሮቹ ጋር የሚያያዙት ዘንጎች ርዝመት የሚስተካከለውም ፔዳሉ ጠብቆ ሲረገጥ ባሩ እኩል እንዲቆም ተብሎ ነው።

ከዚያ መኪናው በክሪክ ይነሳል። አንዱ ፔዳሉን ቀስ እያለ ይረግጣል፣ ሌላው ጎማዎቹን በእጁ ያዞራል፤ የፊቱ ቀድሞ መያዝ አለበት። በሁለቱ መስመሮች ላይ የግፊት መለኪያ የሚያስር ደግሞ ቁጥሩን ያነባል። የመጨረሻው ፈተና ሰው በሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ ነው፤ መኪናው በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጥቶ አጥብቆ ይይዛል፣ ዳር የቆመ ተመልካች የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደተቆለፈ ያያል። መዘወሪያው ጥቂት ይዞርና ይደገማል። ከየውድድሩ በኋላ ባሩ ተፈትቶ ከአቧራ ይጸዳል፣ ግራሶ ይቀባል፤ ቆሻሻ የያዘው ባር ትናንት የተስተካከለውን ዛሬ ያዛባዋል።

በዚህ አገር ቁልቁለት ላይ ክብደት መያዝ ከመኪና በፊት የነበረ ራስ ምታት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ተነስቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ሲሆን፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ሲወርድ ሠረገላውን ከኋላ በጠፍር አስሮ የሚይዘው የሰው ብዛት ነበር። የጠፍር ፍሬን በአንድ ነገር ይበልጣል፤ ጎማው ላይ ስንት ኪሎ አርፏል ብሎ አይጠይቅም። የመኪና ፍሬን ግን መሬቱን የሚይዘው በጎማው በኩል ብቻ ነው።

ይህ የክብደት ጥያቄ ከባድ የሚሆነው ጭነት ሲመጣ ነው። ከጉና ግርጌ፣ ከፋርጣና ከላይ ጋይንት ድንች የጫነ አይሱዙ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ባዶውን ወይም የፎገራ ሩዝ ይዞ ይመለሳል። ባዶ ሲሆን ኋላው ቀላል ስለሆነ ትንሽ ፍሬን ይበቃዋል፤ ሲጭን ብዙ ይፈልጋል። ለዚህ ብዙ ፒክአፖች፣ ሚኒባሶችና ቀላል የጭነት መኪናዎች ከሻንሲው ሥር አንዲት ቫልቭ አለቻቸው። ከኋላ አክስል ጋር በቀጭን ዘንግ ወይም በሞላ ትያያዛለች። ጭነቱ ሻንሲውን ወደ አክስሉ ሲያስጠጋው ቫልቯ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ትለቃለች፤ ሲቀል ትቀንሳለች። የተወዳዳሪው መዘወሪያ ማለት ይቺ ናት፤ ልዩነቱ ማንም ሳይነካት ራሷ መዞሯ ነው።

ታዲያ ብዙ ባለንብረት ጭነት ለማብዛት ባልስትራ ያስጨምራል። መኪናው 20 ኩንታል ጭኖም ጀርባው ከፍ እንዳለ ይቆማል፤ ቫልቯም ባዶ ነው ብላ የኋላውን ፍሬን ትቀንሳለች። ቁልቁለቱን ሙሉ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ይሆናል። ባልስትራ ያስጨመረ ሰው የዘንጓን ርዝመት አብሮ ማስተካከል ነበረበት፤ ይህን የሚያስታውስ ጋራዥ ግን ብዙ አይደለም።

ሙቀትም ራሱ ድርሻውን ያዛባል። የፊት ሸራ ከልክ በላይ ሲግል መያዝ ይደክመዋል፤ ያን ጊዜ ጠዋት በትክክል የተስተካከለው ሚዛን ሳይታወቅ ወደ ኋላ ያጋድላል። የፍሬን ዘይቱም አለ። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከፈላ በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይገባል።

ከፍታው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በደብረ ታቦር ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 72 በመቶ ገደማ ነው፤ ከፍ ባለችው በንፋስ መውጫ ከተማ ከዚያም ያንሳል። እግርን የሚያግዘው የቫኪዩም ሰርቮ የሚሠራው በዚሁ ግፊት ስለሆነ ያው ፍሬን ለመያዝ ሹፌሩ ደጋ ላይ ጠንከር አድርጎ መርገጥ አለበት። ባላንስ ባር ያላቸው የውድድር መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ ሰርቮ የላቸውም፤ ተወዳዳሪው እግሩ የሚነግረውን ማመን ይመርጣል።

በዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ መኪናው በሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች ላይ ወጥቶ የየጎማው ፍሬን ይለካል። የግራና የቀኝ ልዩነት እዚያ ይታያል፤ መኪናው ባዶውን ከቀረበ ግን ሲጫን ኋላው ምን ያህል እንደሚይዝ አይታይም። ለዚህ ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙበት በእጅ የሚያዝ፣ ሳይነካ ሙቀት የሚያነብ ቴርሞሜትር ይረዳል። ጭኖ የወረደ መኪና ወረታ ሲደርስ አራቱም ጎማዎች ዲስካቸው ወይም ታምቡራቸው ላይ ይለካሉ። በአንድ አክስል አንዱ ወገን በጣም ከጋለ ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም ማለት ነው፤ በጣም ከቀዘቀዘ አልሠራም፤ ምናልባት ከአክስሉ የወረደ ዘይት ሸራውን አርሶታል። ፊቱ ፈጅቶ ሁለቱም የኋላዎች ቀዝቃዛ ከሆኑ ደግሞ መካኒኩ መኪናው ሥር ገብቶ መጀመሪያ የሚያየው ያቺን የቫልቭ ዘንግ ነው።