በሦስት ሳምንት የሚደርስ የቤት ቢራ፦ ፔል ኤልን በማልት ኤክስትራክት መጥመቅ

ቢራ በቤት ይጠመቃል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በርሜል፣ ወፍጮና ሙሉ ቀን የሚፈጅ ድካም ነው። ማልት ኤክስትራክት የገዛ ሰው ግን አንድ ትልቅ ድስት፣ አንድ ክዳን ያለው ባልዲና ሦስት ሰዓት ያህል ካለው ይበቃዋል። በዚህ መንገድ ከሚጠመቁት ቢራዎች ለጀማሪ የሚስማማው ፔል ኤል ነው። ቶሎ ይደርሳል፤ ደግሞም ሳይቆይ ሲጠጣ ነው የሚጣፍጠው። ከዚህ በታች 10 ሊትር ፔል ኤል እንዴት እንደሚጠመቅ ከነምክንያቱ እናያለን። ምክንያቱን ያወቀ ሰው የትኛውን ሥራ ማሳጠር እንደሚችል፣ በየትኛው ላይ ደግሞ ፈጽሞ መቸኮል እንደሌለበት ይለያል።

ፔል ኤል ምን ዓይነት ቢራ ነው?

ቢራ በእርሾው ጠባይ በሁለት ትልልቅ ወገኖች ይከፈላል። በኢትዮጵያ ገበያ የምናውቃቸው አብዛኞቹ ቢራዎች ላገር ናቸው። የላገር እርሾ በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ከዚያም ቢራው ለሳምንታት በብርድ ይቆያል። የኤል እርሾ ግን በክፍል ሙቀት፣ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ፣ በጥቂት ቀናት ሥራውን ይጨርሳል። ማቀዝቀዣ ክፍል ለሌለው የቤት ጠማቂ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ፔል ኤል የተወለደው በእንግሊዝ ነው። ዛሬ በስፋት የሚጠመቀው፣ ሆፕ የተባለው መራራ አበባ ጎልቶ የሚሸተው ዓይነት ግን የአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ካስኬድ የተባለ የሆፕ ዝርያ ከኦሪገን የምርምር ማሳዎች ወጥቶ ለገበሬዎች ቀረበ። መዓዛው የግሬፕፍሩት ልጣጭንና አበባን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቺኮ በምትባል ከተማ፣ ኬን ግሮስማን ከባልደረባው ጋር ያቋቋመው ሴራ ኔቫዳ ጠመቃ ቤት በዚህ ሆፕ ፔል ኤል መጥመቅ ጀመረ። ግሮስማን ራሱ አስቀድሞ የቤት ጠማቂ ነበር፤ ለቤት ጠማቂዎች ዕቃ የሚሸጥ ሱቅም ነበረው። የዚያ ቢራ ጣዕም የአሜሪካ ፔል ኤል መለኪያ ሆኖ ቀረ፦ ከወርቃማ እስከ ቀላ ያለ መልክ፣ ከ4.5 እስከ 6.2 በመቶ አልኮል፣ ጥርት ያለ ምሬትና ከብርጭቆው ቀድሞ አፍንጫ የሚደርስ የሆፕ መዓዛ።

ማልት ኤክስትራክት የትኛውን ሥራ ይቀንሳል?

ጠላ የሚጠምቅ ሰው ብቅል ማለት ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ያውቃል። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። በቢራ ጠመቃ ከዚህ ቀጥሎ የተፈጨው ብቅል 65 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። በዚያን ጊዜ በብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ውሃው ሲጣፍጥ ከገለባው ይጠልላል። ሙቀቱ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የቢራው ውፍረት ይለወጣል፤ ጀማሪን የሚያደናግረውም ይህ ክፍል ነው።

ማልት ኤክስትራክት ማለት ይህን ሁሉ ፋብሪካው ጨርሶ፣ ጣፋጩን የብቅል ውሃ አትንኖ ያጠነከረው ነው። በሁለት መልክ ይሸጣል፦ እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽና ደረቅ ዱቄት። ፈሳሹ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ውሃ ስለሆነ፣ በ1 ኪሎ ዱቄት ፈንታ 1.2 ኪሎ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ፈሳሹ ሲከርም እየጠቆረ፣ ጣዕሙም እየከበደ ይሄዳል። ዱቄቱ እርጥበት እስካልነካው ድረስ ይቆያል። ስለዚህ ለነጣ ቢራ ፈዘዝ ያለውን ዱቄት መምረጥ ይበጃል።

ሆፕ፦ ምሬቱና መዓዛው የሚወጡበት ጊዜ

የሆፕ አበባ ሁለት ነገር ይሰጣል። አንደኛው አልፋ አሲድ የሚባለው የምሬቱ ምንጭ ነው። ይህ በውሃ በቀላሉ አይሟሟም፤ ሲፈላ ግን ቅርጹን ለውጦ መራራና ሟሟ ይሆናል። ሁለተኛው የመዓዛው ዘይት ነው፤ እሱ ደግሞ ሲፈላ በእንፋሎት ይበናል። የሆፕ አጨማመር ጥበብ በሙሉ ከዚህ ተቃርኖ የመጣ ነው። ቀድሞ የገባው ሆፕ ምሬቱን ሰጥቶ መዓዛውን ያጣል። በመጨረሻ የገባው መዓዛውን ይዞ ይቀራል። ከፈላ በኋላ፣ በባልዲው ውስጥ ቢራው ላይ የሚጨመረው ደግሞ ከሞላ ጎደል መዓዛ ብቻ ይሰጣል።

ብዙ የአሠራር መመሪያ የብቅሉ ውሃ አንድ ሰዓት እንዲፈላ ያዛል። ኤክስትራክቱ ግን በፋብሪካ አንዴ ስለፈላ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ግማሽ ሰዓት መፍላት አንድ ሰዓት ከሚያወጣው ምሬት ሦስት አራተኛ ያህሉን ያወጣል። የጎደለውን ጥቂት ግራም ሆፕ ጨምሮ መሙላት ይቻላል። ጊዜ የሚቆጠበው እዚህ ላይ ነው።

ጌሾስ? ጌሾና ሆፕ የቅርብ ዝምድና የሌላቸው ተክሎች ናቸው፤ ሥራቸው ግን ይቀራረባል። ሁለቱም ያመርራሉ፣ ሁለቱም መጠጥ የሚያበላሹ ተሕዋስያንን ይገታሉ። ያም ሆኖ ጌሾ የካስኬድን የግሬፕፍሩት መዓዛ አይሰጥም። ጌሾ የገባበት መጠጥ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ፔል ኤል ግን አይደለም።

ለ10 ሊትር የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፈዘዝ ያለ የማልት ኤክስትራክት ዱቄት፦ 1.3 ኪሎ
- ክሪስታል የሚባለው፣ ካራሜል የሚመስል ጣዕም ያለው የተከካ ብቅል፦ 200 ግራም
- ሴንቴኒያል ሆፕ፦ 15 ግራም
- ካስኬድ ሆፕ፦ 65 ግራም
- ደረቅ የኤል እርሾ፣ ለምሳሌ ሳፍኤል ዩኤስ-05፦ አንድ ባለ 11.5 ግራም ከረጢት
- ስኳር፣ በጠርሙስ ጊዜ የሚገባ፦ 60 ግራም
- 16 ሊትር ያህል የሚይዝ ድስት፣ ኤርሎክ (ጋዝ አስወጥቶ አየር የማያስገባ መዝጊያ) የተገጠመለት የምግብ ባልዲ፣ ቴርሞሜትር፣ ሃይድሮሜትር (የፈሳሽ ጥግግት መለኪያ)፣ የዕቃ ማምከኛ፣ ቡናማ ጠርሙሶች፣ ቆርኪና ቆርኪ መግጠሚያ

ሆፕ ሲገዙ አየር በማያስገባ ከረጢት የታሸገውን እንክብል ይምረጡ፤ እስኪጠመቅ ድረስም ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡት። ሙቀትና አየር የሆፕን መዓዛ ያጠፋሉ።

የጠመቃው ቀን

በመጀመሪያ ንጽሕና። በአገራችን የጠላ ጋን በግራዋ ታሽቶ፣ በወይራ ታጥኖ ነው ጥንስስ የሚገባበት። እዚህም ሕጉ ያው ነው። ከፈላ በኋላ የብቅሉን ውሃ የሚነካ ማንኛውም ዕቃ መጀመሪያ ይታጠባል፤ ቀጥሎ በማምከኛ ይነከራል። ቆሻሻ ያለበትን ዕቃ ማምከኛ አያጸዳውም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሥራዎች አይተካኩም።

11.5 ሊትር ውሃ ድስቱ ውስጥ ያሙቁ። ክሪስታሉን ብቅል በስስ የጨርቅ ከረጢት ቋጥረው፣ ውሃው ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ ለ20 ደቂቃ ይንከሩት፤ ከዚያ ሳይጨምቁ ያውጡት። ውሃው ከዚህ በላይ ከሞቀ ከገለባው ኮምጠጥ አድርጎ አፍ የሚይዝ ጣዕም ይወጣል።

እሳቱን ያጥፉና ኤክስትራክቱን እያማሰሉ ይጨምሩ። እሳቱ ካልጠፋ ዱቄቱ ከድስቱ ሥር ወርዶ ያርራል። ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ መልሰው ያፍሉ። መፍላት ሲጀምር አረፋው በድንገት ገንፍሎ ሊወጣ ስለሚችል ከምድጃው አይራቁ። ድስቱንም አይክደኑት።

ከዚያ ሆፑን በሰዓቱ ይጨምሩ፦

- መፍላት እንደጀመረ፦ ሴንቴኒያሉን 15 ግራም
- 20 ደቂቃ ከፈላ በኋላ፦ ካስኬድ 15 ግራም
- 30 ደቂቃ ሞልቶ እሳቱ ሲጠፋ፦ ካስኬድ 20 ግራም፤ ይህ 15 ደቂቃ ይዘፈዘፍ

ቀጥሎ ድስቱን በረዶና ቀዝቃዛ ውሃ የሞላበት የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ያስቀምጡና ከ20 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ድረስ ያቀዝቅዙት። ለብ ያለ የብቅል ውሃ ለባክቴሪያ የተመቸ ነው፤ ትኩስ ውሃ ደግሞ እርሾን ይገድላል። ሲቀዘቅዝ አተላውን ከድስቱ ሥር እየተዉ ወደ ባልዲው ይገልብጡ። 10 ሊትር ካልሞላ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሙሉት።

አሁን በሃይድሮሜትር ይለኩ። ንባቡ ወደ 1.050 ይጠጋል። ቁጥሩን ጽፈው ያስቀምጡ፤ በመጨረሻ አልኮሉን የምናውቀው በእሱ ነው። እርሾውን ከላይ ይበትኑና ባልዲውን ይክደኑ። የእርሾው ከረጢት ግማሽ ለዚህ መጠን ይበቃል፤ ሙሉው ቢገባም አይጎዳም።

የእርሾው ጊዜ

በዚህ ክፍል መቸኮል የለም። ባልዲውን ብርሃን በማያገኘው፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ በሆነ ቦታ ያኑሩት። በአንድ ቀን ውስጥ ኤርሎኩ መንቀልቀል፣ ከላይም ወፍራም አረፋ መታየት ይጀምራል። ሲብላላ እርሾው ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ፣ ቤቱ ሞቃት ከሆነ ባልዲውን ውሃ ባለበት ሰፋ ያለ ዕቃ ውስጥ ማቆም ይረዳል። ከ24 ዲግሪ በላይ የተብላላ ፔል ኤል ጣዕሙ ይሻክራል፤ አልኮሉም ጉሮሮ ይሰነጥቃል።

በአምስተኛው ቀን ገደማ አረፋው ሲወርድ የቀረውን 30 ግራም ካስኬድ በቀጥታ ባልዲው ውስጥ ይጨምሩ። ጊዜው የተመረጠው በምክንያት ነው። እርሾው ሥራውን ጨርሶ ስላልተኛ፣ ክዳኑ ሲከፈት የሚገባውን ጥቂት ኦክስጅን ይጠቀምበታል። ቢራ ከተብላላ በኋላ ዋነኛ ጠላቱ ኦክስጅን ነው፤ መልኩን ያጠቁረዋል፣ መዓዛውንም ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ክዳኑን ቶሎ ይመልሱ፤ ቢራውንም አይበጥብጡ። ሆፑ ሦስት ቀን ይበቃዋል።

ቢራው መብላላቱን የጨረሰው ኤርሎኩ ዝም ስላለ አይደለም። በሃይድሮሜትር ይለኩ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደግመው ይለኩ። ሁለቱም ንባቦች አንድ ከሆኑና 1.012 አካባቢ ከደረሱ ጨርሷል። የመጨረሻውን ንባብ ከመጀመሪያው ሲቀንሱና በ131 ሲያባዙ የአልኮሉ መጠን በመቶኛ ይወጣል፤ እዚህ 5 በመቶ ያህል ነው።

ከዚህ የባሰ የሚቸኩል ሰው ክቫይክ የተባለውን የምዕራብ ኖርዌይ ገበሬዎች እርሾ ሊሞክር ይችላል። ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይወዳል፤ በሦስትና በአራት ቀን ይጨርሳል፤ ሌላው የኤል እርሾ የሚበላሽበት ሙቀት ለእሱ ምቾት ነው። የሃይድሮሜትሩ ምርመራ ግን ለክቫይክም አይቀርም።

ወደ ጠርሙስ

60 ግራሙን ስኳር በትንሽ ውሃ አፍልተው ያቀዝቅዙ። በማምከኛ በተነከረ ሌላ ዕቃ ውስጥ ስኳሩን አስቀድመው፣ ቢራውን በላስቲክ ቱቦ ከሥር ቀስ እያሉ ያውርዱበት፤ አተላው ይቅር። በጠርሙሱ አፍ ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ክፍት ቦታ ትተው በቆርኪ ይዝጉ። የቀረው እርሾ ስኳሩን ሲበላ ጋዙ መውጫ ስለሚያጣ ቢራው ውስጥ ይሟሟል። የቢራው አረፋ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። መብላላቱን ሳይጨርስ የታሸገ ወይም ስኳር የበዛበት ቢራ ጠርሙስ ሊያፈነዳ ይችላል፤ የጠርሙሱ ስባሪም ዓይን ያጠፋል። ስኳሩን በሚዛን እንጂ በማንኪያ አይለኩ። ስስ ጠርሙስ አይጠቀሙ። ቡናማ ጠርሙስ የሚመረጠው ደግሞ ብርሃን የሆፑን ምሬት ሰባብሮ መጥፎ ሽታ ስለሚፈጥር ነው።

ጠርሙሶቹን 20 ዲግሪ ባለው ቦታ ከ7 እስከ 10 ቀን ካቆዩ በኋላ ፍሪጅ ያስገቡ። ከጠመቃው ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ሦስት ሳምንት ይሆናል። ውሻ ያለበት ቤት የተጣለውን ሆፕ በደንብ ይሸፍን፤ ሆፕ ለውሻ ገዳይ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1978 የፈረሙት ሕግ አንድ አዋቂ ባለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ባለበት ደግሞ 200 ጋሎን ቢራ ያለ ቀረጥ እንዲጠመቅ ይፈቅዳል። ለቤት መጠጫ እንጂ ለሽያጭ አይፈቀድም። ክፍለ ግዛቶቹ የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ አላባማና ሚሲሲፒ በመጨረሻ የፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እንደ ኩዌትና ሳዑዲ ዓረቢያ ባሉ አገሮች ግን አልኮል መጥመቅ ወንጀል ስለሆነ፣ እዚያ የሚኖር ወገን ይህን ፈጽሞ አይሞክር።

በየጠርሙሱ ላይ ቀን ይጻፉና በሁለት ወር ውስጥ ይጠጡት፤ መዓዛው ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። በሚቀጥለው ጠመቃ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፦ ወይ ሆፑን፣ ወይ እርሾውን፣ ወይ የሙቀቱን መጠን። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ጣዕሙን የቀየረው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ብቅሉን ለፋብሪካ መተው፣ የፍላቱንም ሰዓት ማሳጠር ቢራውን አያጎድለውም። ንጽሕናንና የእርሾውን ቀን የቀነሰ ግን ቢራውን ራሱን ይቀንሳል።